ነጩ ለእንግዳ

የከተማችንን ስም አልጠራም። ብጠራው ያገሬ ሰው "ስማችንን የሰማ እንግዳ ይመጣል" ብሎ ቤቱን ሲጠርግ ይከርማል፤ እንግዳው ሲቀር ደግሞ የሚቀየመው እኔን ነው። ከላይ ኮረብታ ከታች ወንዝ ያላት፣ አንድ ሰፊ አስፋልት መሃል ለመሃል የሚከፍላት ከተማ ናት ብዬ ልለፈው። ከአስፋልቱ በላይ ያለውን የላይ ሰፈር፣ በታች ያለውን የታች ሰፈር እንለዋለን። ስም በማውጣት አንታማም።

ስለ እኛ አስቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ ጥሩ ነገር ሁሉ ለእንግዳ መሆኑን ነው። በየቤቱ ሰው የማይቀመጥበት ሳሎን አለ። ሶፋው ከሱቅ ሲመጣ የለበሰውን ፕላስቲክ እንደለበሰ ያረጃል። ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች አንድ ጠብታ ውሃ ሳይቀምሱ ባለቤቶቻቸውን ይቀብራሉ፤ ውሃ የሚጠጣው በጣሳ ነው። አንድ ክረምት አባቴን ብርድ መትቶት ሲንቀጠቀጥ እናቴ ጥሩውን ብርድ ልብስ ላውጣለት፣ እንግዳ ቢመጣስ፣ እያለች ስታመነታ አባቴ ተሻለው። "ይኸው፣ ባወጣው ኖሮ በከንቱ ነበር" አለች። ስስታሞች የሚሉን አሉ። ስስት አይደለም። አንድ ቀን በራችንን ለሚያንኳኳ ለማናውቀው ሰው ያለንን ሁሉ አስቀምጠን የምንጠብቅ ሰዎች ነን፤ እኔ እንዲህ ያለ ፍቅር ሌላ ቦታ አላየሁም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ልማድ አለን። ሰው "እንግዳ አለብኝ" ካለ ከተማው ሁሉ ያግዘዋል፤ ጎረቤት ወንበር ያውሰዋል፣ ደጁ ይጠረግለታል፣ መንገድ ይለቀቅለታል። ታዲያ "እንግዳህ ማን ነው?" ብሎ መጠየቅ ትልቅ ነውር ነው። የጠየቀ ሰው እንግዳ መዝኖ ሊቀበል ፈለገ ይባላል፤ ልጁን የሚድርለትም አያገኝም።

ወይዘሮ አትጠገብ የላይ ሰፈር ሰው ናቸው። ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልክ በትይዩ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ በታች ሰፈር ይኖራሉ። እናታቸው በጊዜ ስለሞተችባቸው ታናሽዋን አዝለው ያሳደጉ፣ ጸጉሯን ጎንጉነው ትምህርት ቤት የላኩ፣ ኋላም ወግ ማዕረግ ያሳዩ ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። መንገዱ ጠባብ ሳለ ባንዱ ደጅ የተጠራ በሌላው ደጅ ይሰማ ነበር። ጨው ያነሰው ወጥ ክዳኑ ሳይገጠም ጨው ከማዶ ይደርስለታል። ኋላ መንገዱ ሰፋ። በመስፋቱ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ከበሮ ሁሉ ተመትቷል። ከዚያ የጭነት መኪናው መጣ፣ አውቶቡሱ መጣ፣ የሚቆም ጠፋ። ሾፌሮቻችን ክፉ ሆነው አይደለም፤ ማንም ቁሙ አላላቸውም። የላይ ሰፈር ባጃጅ በላይ ሰፈር፣ የታችኛው በታች ሰፈር ብቻ እንዲሠራ ስለተደነገገ በባጃጅ መሻገርም የለም። ያለው በወንዙ ዳር ዞሮ በአሮጌው ድልድይ ሥር ማለፍ ነው፤ ያ ደግሞ ቁልቁለትና አቀበት ነው፣ የወይዘሮ አትጠገብ ጉልበት ደግሞ ከደጃቸው እስከ አጥራቸው እንኳ እየተለመነ ነው የሚያደርሳቸው፤ የታናሽየዋም ከዚያ አይሻልም።

ስለዚህ እህትማማቾቹ በጃንጥላ ሰላም ይባባሉ ጀመር። ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሁለቱም ደጃቸው ላይ ይወጣሉ። ወይዘሮ አትጠገብ ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርገው ያወዛውዛሉ፣ ከማዶ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሰማያዊው ይመልሳሉ። እንደምን አደርሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹ ደህና፣ ደህና፤ ይህ ሁሉ በጃንጥላ ይባላል። ዓመታት እንዲሁ አለፉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላል ያገሬ ሰው፤ ዘመዱ ቅርብ ሆኖ የማይደረስበት ሲሆን ምን እንደሚባል ግን አላስቀመጠም።

አንድ በጋ ላይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን አመማቸው። ሐኪሙ ካየ በኋላ እውነቱን አልሸሸጋቸውም። "እማማ፣ ይህ እየጋረደ የሚሄድ በሽታ ነው፤ መድኃኒት አላገኘንለትም። ማየት የሚፈልጉትን ነገር አሁን ይዩት" አላቸው። ወሬው በሰው በሰው ተሻግሮ ወይዘሮ አትጠገብ ጋ ደረሰ። ያን ቀን እህል በአፋቸው አልዞረም። "ቀርባ ሳታየኝ ልትቀር ነው" እያሉ ብቻቸውን ሲያወሩ ዋሉ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም፤ ዓይኗ ሳይጋረድ ማዶ ተሻግረው እህታቸው ፊት መቀመጥ፣ በቃ።

ሸንጎው ሲሰበሰብ ሄዱ። ሰው ስለ ቆሻሻና ስለ ውሃ ሲያወራ ቆይቶ ተራው ሲደርሳቸው በምርኩዛቸው ተነሡና፣ "እኔ ልማት አላውቅም። እህቴ ማዶ ናት፤ ዓይኗ እየጠፋ ነው። አሻግሩኝ" ብለው ተቀመጡ። ሸንጎአችን ሆደ ቡቡ ነው። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሌላ ከተማ ቢሆን ስንት ዓመት የሚፈጀው ነገር እኛ ዘንድ በዚያው ስብሰባ ተወሰነ፤ ዜብራ ይቀባል ተባለ። አቶ ወንድይፍራው የሚባሉ፣ በልጅነታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ደጅ ኳስ ሲጫወቱ ያደጉ፣ እንባ የሚቀርባቸው ጨዋ ሰው የመሻገሪያ ሹም ሆነው ተሾሙ።

አቶ ወንድይፍራው ሥራቸውን የሚወዱ ናቸው። ለእማማ አትጠገብማ የሚሆነው ጥሩው ነው ብለው ከሩቅ አገር ቀለም አስመጡ። ቀቢዎቹ አስፋልቱን አጥበው፣ አድርቀው፣ ገመድ ወጥረው ሲጨርሱ በጥቁሩ አስፋልት ላይ የተጋደሙት ነጫጭ መስመሮች ዓይን ያጠግቡ ነበር። እንዲህ ያለ ነጭ አይተን አናውቅም። ሙሽሮች አጠገቡ ፎቶ ተነሡ። በምረቃው ቀን ሪባን ተቆርጦ፣ መኪናው ሁሉ ቆሞ፣ ከተማው በሁለቱም ዳር ተሰልፎ ወይዘሮ አትጠገብ አዲስ ጫማቸውን አድርገው ቀረቡ። ከማዶ ሰማያዊው ጃንጥላ ይታያቸዋል። እግራቸውን አነሡ።

ይሄኔ ከኋላ አንድ ሰው፣ በክፋት አይደለም፣ ቀስ ብሎ፣ "ውይ፣ ሊቆሽሽ ነው" አለ።

እውነቱን ነበር። ሁላችንም ነጩን አየን፣ ከዚያ ጫማውን አየን። እዚህ ላይ ሰው ሹሙን ይወቅሳል፤ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። እግራቸውን የመለሱት ራሳቸው ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። እሳቸውም የእኛው ሰው ናቸውና ነጩ አሳዘናቸው። "ይቆይ እስቲ፣ ምናልባት እንግዳ ቢመጣ" አሉ። ሸንጎው እዚያው ቆሞ መከረና ደንብ አወጣ። ነጩ ለእንግዳ፣ ጥቁሩ ለነዋሪ። የሚሻገር ሰው ነጩን ሳይነካ ከጥቁር ወደ ጥቁር ተራምዶ ያልፋል። ዜብራ ስላለን ደግሞ ከዜብራው ውጪ መሻገር ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው። አጨበጨብን።

ነጩን የሚጠብቅ ቢያድግልኝ የሚባል ዘበኛ ተቀጠረ። ረጋ ያለ፣ ከንፈሩ ሁልጊዜ ሊስቅ የሚመስል ጎልማሳ ነው። አስፋልቱ መሃል እንዲቆም የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነበር። መኪና ሲመጣ "ቀኝ፣ ቀኝ፣ ትንሽ ግራ" እያለ ጎማው በጥቁሩ ብቻ እንዲያልፍ ይመራል። ድርብ ጎማ ያለው የጭነት መኪና ጥቁሩ ስለማይበቃው እሱን ዓይኑን ጨፍኖ ያሳልፈዋል። ጎረምሶቻችን መዝለሉን በሁለት ቀን ለመዱት፤ ኋላማ ሠርግ ላይ እንኳ ምንጣፍ ሲያዩ የሚዘሉ ሆኑ። ነፍሰ ጡር፣ ሽማግሌ፣ ሸክም የያዘ ሰው ግን በየዳሩ ቆሞ ቀረ። ማንም አላጉረመረመም፤ ነጩ እንዳማረ ነዋ።

ወይዘሮ አትጠገብ አንድ ጊዜ ሞከሩት። የመጀመሪያውን ጥቁር ረገጡ፣ ነጩን ሊሻገሩ ጉልበታቸውን ለመኑት፣ ጉልበታቸው እምቢ አለ። መኪናው በአክብሮት ቆሞ ይጠብቃል። ቢያድግልኝ መጥቶ ክንዳቸውን ያዘ።

"እማማ፣ ላዝልዎት?" አላቸው።

"ይቻላል?"

"አይ፣ አይቻልም። የታዘለ ሰው እንደ ሸክም ነው የሚቆጠረው፤ ሸክም በወንዙ ነው የሚዞር። እንዲሁ ብጠይቅዎ ደስ ይለኛል ብዬ ነው።"

"አንተም ደስ ይበልህ ልጄ፤ መልሰኝ" አሉት። መለሳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢያድግልኝ የሁለቱ ቤት መልእክተኛ ሆነ። ጠዋት ጃንጥላዎቹ ከወረዱ በኋላ ወደ ታች ዳር ጠጋ ብሎ የወይዘሮ ጥሩወርቅን ቃል ይሰማል፣ ወደ ላይ ዳር መጥቶ ያደርሳል።

"ዓይኗስ?" ይሉታል ወይዘሮ አትጠገብ ሁልጊዜ።

"እያሳረፍኩት ነው በላት ብለዋል።"

"እየተሻላት ነው ማለት ነው?"

ቢያድግልኝ እዚህ ላይ ወደ መኪናዎቹ ዞር ይላል። "እያሳረፍኩት ነው ነው ያሉኝ እማማ። ሌላ አልጨመሩም።"

ወይዘሮ አትጠገብም ማዶ ያዩና ልባቸው ያርፋል። ሰማያዊው ጃንጥላ ደወሉን ጠብቆ ይወጣል፣ እንደ ድሮው ከፍ ብሎ ይወዛወዛል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው ማሰር ጀምረዋል፤ ጸሐይ ይሆናል አሉ።

ሚያዝያ አልፎ ግንቦት ሲጋመስ ሹሙ ቢሮ ሄዱ። አቶ ወንድይፍራው ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏቸው፤ የእንግዳ ወንበር ግን በፕላስቲክ ተሸፍኖ ስለነበር ሁለቱም ቆመው ተነጋገሩ።

"ወንድዬ፣ ያን ነጭ ያስቀባኸው ለኔ አልነበረም?"

"ለእርስዎ ነው እንጂ እማማ፤ ለእርስዎ ብለን ነው እንዲህ ያሳመርነው። ካማረ በኋላ ግን እንዴት ይረገጣል?"

"እናትህ ቢሆኑስ?"

ሹሙ አቀረቀሩ። "ነፍሳቸውን ይማርና እናቴም ቢሆኑ ጥቁሩን ነው የምላቸው። እሳቸውም ቢሆኑ ነጩን እሺ አይሉኝም።" ቀጠሉና፣ "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ትንሽ ቢለማመዱት ይዘሉታል እኮ።"

"እንባስ አልገደደኝም" አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። "የገደደኝ ጉልበት ነው።"

አቶ ወንድይፍራው አለቀሱ። የምር አለቀሱ፤ እስከ ውጭው በር ድረስም ክንዳቸውን ይዘው ሸኟቸው። ደንቡን ግን አልለወጡም።

ክረምቱ ገባ። ነጩ ጭቃ እንዳይነካው ፕላስቲክ ለበሰ። ጎረምሶቹ እንኳ ጥቁሩ አዳልጧቸው መዝለሉን ቀነሱ። ቢያድግልኝ የዝናብ ካፖርቱን ለብሶ አንድ ቀን ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ደጅ መጣና ሲያመነታ ቆይቶ እንዲህ አላቸው።

"እማማ፣ እህትዎ አንድ ነገር አስበዋል። እንግዳ አለብኝ ልበል ይላሉ። እንግዳ አለብኝ ካሉ ነጩ ይከፈታል። ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።"

"እንግዳዋ ማን ሊሆን?"

ቢያድግልኝ ቀና ብሎ እሳቸውን አያቸው። ወይዘሮ አትጠገብ ገባቸው፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"እኔ? እኔ ለጥሩወርቅ እንግዳ? በጀርባዬ ያሳደግኳት ልጅ ቤት 'ይግቡ፣ ይቀመጡ' ልባል?" ሆድ ባሳቸው። "ሂድና በላት። እህትሽ እንግዳ ሆና ከምትገባ በጃንጥላ ሰላም ስትልሽ ብትኖር ይሻላታል በላት።"

በእኛ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ወንድም ወንድሙን "እንግዳዬ" ካለው ተጣልተዋል ማለት ነው። እንግዳ የሚወደድ ሰው ነው፣ ግን የሚሄድ ሰው ነው፤ የቤት ሰው ደግሞ ጓዳ ገብቶ የድስቱን ክዳን የሚከፍት ነው። ወይዘሮ አትጠገብ የእህታቸውን የድስት ክዳን ሳይከፍቱ መቀመጥ ሞት ሞት አላቸው። ቢያድግልኝ ቃሉን አደረሰ። ማዶም ሌላ ቃል አልመጣም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሰማያዊው ጃንጥላ ዝናቡ ውስጥ ይወጣ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ወይዘሮ አትጠገብን ጉልበታቸው ከአልጋ አላስነሣ ብሏቸው ደወሉ አመለጣቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው እየተጎተቱ በሩን ገርበብ ሲያደርጉት ማዶ ሰማያዊው ጃንጥላ ይወዛወዛል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፈገግ ብለው፣ ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ፣ ማንም ላልወጣበት የእህታቸው በር ሰላምታ ይሰጣሉ። እንደምን አደርሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲጨርሱ ጃንጥላውን አጥፈው በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ።

ወይዘሮ አትጠገብ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ቀይ ጃንጥላቸው ገና በብብታቸው ነበር። ከዚያ ቢያድግልኝን ጠሩት።

"ሂድና በላት" አሉት። "እንግዳ አለብኝ ትበል። እንግዳ እሆናለሁ። ባዳም ብትለኝ እሆናለሁ።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ "እንግዳ አለብኝ" ያሉ ዕለት ከተማው የሆነውን ለማየት መታደል ያስፈልጋል። ዜብራው ከተቀባ ጀምሮ የመጀመሪያው እንግዳ ነው። ፕላስቲኩ ተገፈፈ፣ ነጩ በሳሙና ታጠበ። የታች ሰፈር ሴቶች ሳሎኑን ወለወሉ። መስከረም ገብቶ ስለነበር ሕፃናቱ አደይ አበባ ለቅመው በሁለቱ ዳር በተኑ። ሸንጎው ኮቱን ለብሶ በአስፋልቱ ዳር ተሰለፈ፣ የከተማው መግቢያ ወዳለበት አቅጣጫ አንገቱን ሰግጎ እንግዳውን መጠበቅ ጀመረ።

ወይዘሮ አትጠገብ ከደጃቸው ወጡ። ያንኑ የምረቃውን ቀን ጫማ አድርገዋል፤ ደጃቸው ግን ገና ጭቃ ነበርና ጫማው እስከ ተረከዙ ተለስኗል። መጥተው ከነጩ ፊት ቆሙ።

አቶ ወንድይፍራው አዩዋቸው። ወደ መግቢያው አዩ፤ የሚመጣ መኪና የለም። እንደገና እሳቸውን አዩ። በኳስ መስኮታቸውን የሰበሩባቸው፣ ሳያዩዋቸው በድምፃቸው የሚለዩዋቸው ሴት ናቸው። ጥያቄው ጉሮሯቸው ላይ ወጥቶ ሲወርድ ይታይ ነበር። ነገር ግን የሚጠየቅ አይደለም። ሸንጎው በሙሉ እሳቸውን ያያል።

"እንኳን ደህና መጡ" አሉ በመጨረሻ። እጅ ነሡ። "ጉዞው እንዴት ነበር?"

"ረጅም ነበር" አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

እንግዳ ዕቃ አይሸከምምና ቢያድግልኝ ቀዩን ጃንጥላ ተቀብሏቸው እዚያው መሃል ቆመ። እሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ነጩን ረገጡ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ምንም ሳይዘሉ፣ እንደ ማንም ሰው አንድ እግራቸውን ከሌላው እያስቀደሙ ሄዱ። ከኋላቸው የጭቃ ዱካ በነጩ ላይ ቀረ። መኪናው ሁሉ ቆሟል። "ውይ" ያለም ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። ከማዶ ሲታይ ቅንድባቸው ላይ የቆመ ይመስል የነበረው ሻሽ ከቅርብ ሲያዩት ዓይናቸውን ጥርቅም አድርጎ አስሯል።

"መጣሽ እትዬ?"

"መጣሁ።"

ተቃቀፉ። ስንት ዘመን እንደሆነ ያወቅን ሰዎች ፊታችንን አዞርን፤ ቢያድግልኝም ወደ መኪናዎቹ ዞረ። ሳሎን ገቡ። የሶፋው ፕላስቲክ ተገፍፏል፤ ጨርቁ ሰማያዊ ኖሮ ለካ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የቡፌውን ብርጭቆ አውጥተው፣ ውሃ ሞልተው፣ ሳያፈሱ በዳበሳ እፊታቸው አስቀመጡላቸው።

"ይህ ዓይንሽ ላይ የታሰረው ምንድን ነው ጥሩዬ?"

"ሐኪሙ ማየት የምትፈልጊውን እዪ አላለኝም? ማየት የምፈልገው አንቺን ነው። ታዲያ በግድግዳና በጎረቤት ዶሮ ለምን እጨርሰዋለሁ ብዬ አሰርኩት። ለእንግዳ አስቀመጥኩት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ነጩ ከተቀባ ጀምሮ። ዛሬ ነገ ትመጫለሽ ብዬ።" ሳቅ አሉ። "ቢያድግልኝን እንዳትነግራት ብዬ አስምዬዋለሁ። እንዳትቀየሚው።"

ወይዘሮ አትጠገብ ክረምቱን አሰቡት። "እህትሽ እንግዳ ሆና ከምትገባ" ብለው የላኩትን ቃል አሰቡት።

"በይ ፍቺልኝ" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ጀርባቸውን እየሰጡ። "ድሮም ጸጉሬን የምትፈቺልኝ አንቺ ነሽ።"

ፈቱላቸው። ቋጠሮው ጠንካራ ነበር። ሻሹ ሲወርድ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዞሩና ዓይናቸውን ገለጡት። ንጹሕ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ አቧራ ያልነካው፣ እንባ ብቻ ያጠበው ዓይን። ትንሽ ተንከራተተና ከወይዘሮ አትጠገብ ጆሮ አለፍ ብሎ መስኮቱ ላይ ዐረፈ።

"አየሁሽ እትዬ" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

"እንዴት ሆኜልሻለሁ?"

"ምንም አልሆንሽም። ያንኑ ቀይ ጃንጥላሽን ይዘሻል።"

ወይዘሮ አትጠገብ ባዶ እጃቸውን አዩት። "አዎ" አሉ። "ይዤዋለሁ።"

ከዚያ በዚያው እጃቸው የእህታቸውን መዳፍ ወስደው ፊታቸው ላይ አስቀመጡት፤ ግንባራቸው ላይ፣ ጉንጫቸው ላይ፣ እርጥብ ዓይናቸው ላይ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀስ እያሉ ዳሰሱ። "አርጅተሻል እኮ አንቺ" አሉ። አሁን በእውነት አይተው ነበር። ውሃውን ካንድ ብርጭቆ ጠጡ። ኋላ ወይዘሮ አትጠገብ ማንንም ሳያስፈቅዱ ጓዳ ገብተው የድስቱን ክዳን ከፈቱ፣ ቀመሱና "ጨው አንሶታል" አሉ።

እንግዳ ይሸኛል። አመሻሹ ላይ ሁለቱ ተቃቅፈው ወደ ዜብራው መጡ። ሸንጎው እስከዚያ ድረስ ኮቱን አላወለቀም። ከሁለቱ እንግዳዋ የትኛዋ እንደሆነች፣ የትኛዋስ ሸኚ እንደሆነች መለየት ቸገረ፤ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። አለፉ።

"ነጩ ላይ ነኝ ወይስ ጥቁሩ ላይ?" ሲሉ ተሰሙ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

"እኔ እንጃ ጥሩዬ። ዝም ብለሽ ሂጂ" አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

ቀዩን ጃንጥላ ከቢያድግልኝ ተቀብለው፣ ሰማያዊውንም ይዘው፣ ተሻግረው ላይ ሰፈር ገቡ። ከእነሱ በኋላ አቶ ወንድይፍራው ባልዲና ጨርቅ ይዘው መጡና ዱካውን ሊያጥቡ በርከክ አሉ። ጨርቁን ነከሩ፣ ጨመቁ፣ እንደገና ነከሩ። ከዳር አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ቆማ ትጠብቃለች፤ ከምርቃቱ ጀምሮ እዚያ የቆመች ነበር የሚመስለው። ሹሙ ቀና ብለው አዩዋት። "እንግዳ ነሽ?" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ነውሩ ትዝ አላቸው። ተነሥተው ባልዲውን ከመንገዷ አነሡላት። በማግስቱ በከተማችን እንግዳ የሌለበት ቤት አልነበረም። ነጩ እስከ ኅዳር እንኳ አልቆየም፤ አሁን የት እንደነበር የሚያውቁት ቢያድግልኝና ሾፌሮቹ ብቻ ናቸው። እነሱ ግን እዚያ ቦታ ሲደርሱ ዛሬም ይቆማሉ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ታች ሰፈር ተመልሰው አላደሩም። በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ቢያድግልኝ እንደ ልማዱ መሃል ቆሞ ወደ ሁለቱም ዳር አየ። ታች ሰፈር በሩ ተዘግቷል። ላይ ሰፈር ሁለቱም እህትማማቾች ጎን ለጎን ደጃፉ ላይ ወጥተዋል። ከልማድ የተነሣ ሁለቱም እኩል ጃንጥላቸውን ወደ ላይ ከፍ አደረጉና ቀዩና ሰማያዊው እላያቸው ላይ ተጋጩ።